ጅቡቲ በጎረቤቶቿ መሃል፦ ከወሎ ተደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች

ከደሴ ወርዳችሁ በኮምቦልቻ፣ በባቲ፣ በሚሌና በሎጊያ አድርጋችሁ ጋላፊን ስትሻገሩ ሌላ አገር ገባችሁ። ይህ መንገድ ለብዙ ወሎዬ የእንጀራ መንገድ ነው። ስለ መንገዱና ስለ ወደቡ ሁሌ እናወራለን። ስለ አገሪቱ ግን እምብዛም አናወራም። ጅቡቲ ማንን ትፈራለች? ከሷ የሚበልጡ ጎረቤቶች ከበዋት እንዴት እስካሁን ቆመች? ከሹፌሮች፣ ከነጋዴዎች፣ ከተማሪዎችና ከወላጆች የሚነሡትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤ እመልሳለሁ።

ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በእኛ ሲሆን «ዓ.ም» እላለሁ።

የጅቡቲ ደኅንነት ለወሎ ሰው ምን ያገባዋል?

በጣም ያገባዋል። የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ማዳበሪያው በወቅቱ ካልደረሰ የቃሉና የተሁለደሬ ገበሬ ይቸገራል። ነዳጁ ከዘገየ ደሴ ላይ ሰልፉ ይረዝማል። የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩና ደረቅ ወደቡ ሥራቸው የተያያዘው ከዚያ ወደብ ጋር ነው። ጅቡቲ ላይ የሚተኮስ ጥይት ኮምቦልቻ ላይ ዋጋ ይጨምራል።

ምን ያህል ትንሽ ናት?

ስፋቷ 23,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደቡብ ወሎ ዞን ትንሽ ሰፋ ትላለች። ሕዝቧ ግን አንድ ሚሊዮን አካባቢ ነው። ደቡብ ወሎ ብቻውን በ1999 ዓ.ም ቆጠራ ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበረው። ከጅቡቲ ሕዝብ አብዛኛው የሚኖረው በዋና ከተማዋ ነው። የሚታረስ መሬት የላትም ማለት ይቻላል። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝም የላትም።

ያላት ሀብት የተቀመጠችበት ቦታ ነው። ቀይ ባሕርን ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚያገናኘው ባብ ኤል መንደብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ጠባብ መተላለፊያ ነው። ከእስያ በስዊዝ በኩል ወደ አውሮፓ የሚሄድ መርከብ በዚያ ያልፋል። ጅቡቲ ደግሞ አፉ ላይ ናት። የሚያስፈልጋትም የሚያስፈራትም ነገር ከዚሁ ቦታ ይመጣል።

ጎረቤቶቿ በእርግጥ ጠላቶቿ ናቸው?

ሁሉም ሁልጊዜ ጠላት ነበሩ ማለት ውሸት ይሆናል። ግን ሦስቱም የየብስ ጎረቤቶቿ በተለያየ ጊዜ መሬቷን ወይም የመሬቷን ክፍል «የእኔ ነው» ብለዋል። እኛም ጭምር። ይህን ብዙ ሰው ስለማያነሣው ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ።

ከሶማሊያ ልጀምር። የሶማሊያ ሰንደቅ ላይ ያለው ነጭ ኮከብ አምስት ጫፍ አለው። እያንዳንዱ ጫፍ ሶማሌዎች የሚኖሩበትን አንድ አካባቢ ይወክላል። አንዱ ጫፍ ጅቡቲ ናት። ስለዚህ ሶማሊያ በ1960 ነጻ ስትወጣ ጀምሮ ጅቡቲ «ገና ያልተመለሰች ክፍል» ተብላ ትቆጠር ነበር።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በ1966 ፈረንሳይ የምትወጣ ከሆነ ጅቡቲ የኢትዮጵያ ናት የሚል አቋም በይፋ አሰምተዋል። ምክንያታቸው ግልጽ ነበር። ግንባታው በ1897 ተጀምሮ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር መጨረሻው እዚያ ነው። ደርግ በኋላ የይገባኛል ጥያቄውን ትቶ ነጻነቷን እንደሚያከብር አስታወቀ።

ኤርትራ ደግሞ ከነጻነቷ በኋላ በ1996 በራስ ዱሜራ ጉዳይ ከጅቡቲ ጋር ተፋጠጠች። እሱን ለብቻው እመለስበታለሁ።

እና ወንድሞቼ፣ ስለ ጅቡቲ ስናወራ ራሳችንን ከጎን እንደቆመ ተመልካች አድርገን አንይ። አንድ ሚሊዮን ሕዝብ ይዛችሁ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለውን ጎረቤት አስቡ። ፍቅር ቢኖርም ፍርሃቱ አይጠፋም።

ታዲያ በ1977 ነጻ ስትወጣ ለምን አልተዋጠችም?

ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም (ጁን 27 ቀን 1977) ነጻነቷን ስታውጅ ጊዜው ከዚያ የከፋ ሊሆን አይችልም ነበር። በሳምንታት ውስጥ ሶማሊያ ኦጋዴንን ወረረች። የባቡር ሐዲዱ ተቆረጠ። የወደቡ ሥራ ቀጥ አለ። አዲሱ መንግሥት ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደል ሁለቱ ትልልቅ ጎረቤቶቹ ይዋጉ ነበር። ከዚያ ላይ የራሱ ሕዝብ ሶማሌና አፋር ነው። ወደ አንዱ ቢያዘነብል ቤቱ ለሁለት ሊሰነጠቅ ይችላል።

የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሐሰን ጉሌድ አፕቲዶን ሁለት ነገር አደረጉ። አንደኛ፣ ገለልተኛ ነን አሉ። ሁለተኛ፣ የፈረንሳይን ጦር አላባረሩም። ያኔ አፍሪካ ውስጥ የቀድሞ ቅኝ ገዢን ጦር ማቆየት እንደ ውርደት ይታይ ነበር። እሳቸው ግን ነጻነት ባወጁበት ዕለት የመከላከያ ስምምነት ተፈራረሙ። ጅቡቲን የሚነካ ፈረንሳይን ይነካል የሚል መልእክት ነበር። እኔ ይህን ውሳኔ ለመንቀፍ ይከብደኛል። ከነጻነቱ በፊት በ1976 ሎያዳ ላይ በሶማሊያ ድንበር የተማሪዎች አውቶቡስ ታግቶ ሕፃናት እስከመሞት ተደርሶ ነበር። አደጋው ደጃፋቸው ላይ ነበር።

ሌላው ምክንያት እኛና ሶማሊያ ነን። ኢትዮጵያ ብትይዛት ሶማሊያ፣ ሶማሊያ ብትይዛት ኢትዮጵያ ዝም አትልም። ሁለቱ እርስ በርስ ስለተጠባበቁ መሃል ያለችው ተረፈች።

ከኤርትራ ጋር በምን ተጣሉ?

ራስ ዱሜራ ቀይ ባሕር ውስጥ ገባ ያለ ተራራማ ምድር ነው። ከፊቱ የዱሜራ ደሴት አለ። ቦታው ባብ ኤል መንደብን ከላይ የሚያይ ነው። ድንበሩን ያሰመሩት ፈረንሳይና ጣሊያን በ1900 እና በ1901 ነበር። በ1935 ደግሞ ሁለቱ ሌላ ስምምነት አድርገው ነበር፤ እሱ ግን ሳይጸድቅ ቀረ። የአሁኑ ጠብ የበቀለው ከዚህ የቅኝ ገዢዎች ወረቀት ነው።

በ2008 ጅቡቲ፣ የኤርትራ ወታደሮች አካባቢው ላይ ምሽግ ቆፍረዋል ብላ ከሰሰች። ኤርትራ አስተባበለች። በጁን ወር ከኤርትራ ጦር የከዱ ወታደሮች ወደ ጅቡቲ ወገን ተሻገሩ። ኤርትራ መልሱልኝ አለች፣ ጅቡቲ እምቢ አለች፣ ተኩስ ተከፈተ። ለጥቂት ቀናት ተዋጉ። ከሁለቱም ወገን ሰው ሞተ፣ ተማረከም። ፈረንሳይ በመረጃ፣ በስንቅና በሕክምና ጅቡቲን ረዳች፤ ራሷ ግን ጦርነቱ ውስጥ አልገባችም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለትንሽ አገር ትልቅ ትምህርት ነው። ጅቡቲ በጦር ኃይል ኤርትራን ልታስወጣ አትችልም ነበር። ስለዚህ ጠቡን ይዛ ኒውዮርክ ሄደች። የጸጥታው ምክር ቤት በጃንዋሪ 2009 በውሳኔ 1862 ኤርትራ በአምስት ሳምንት ጦሯን እንድታስወጣ ጠየቀ። አልሆነም። በዲሴምበር 2009 በውሳኔ 1907 ኤርትራ ላይ የጦር መሣሪያ ማዕቀብ ተጣለ። ኤርትራ የሶማሊያ ታጣቂዎችን ትረዳለች የሚለው ክስም አብሮ ነበር። ነገር ግን የዱሜራ ጉዳይ ከመዝገቡ እንዳይወጣ ያደረገችው ጅቡቲ ናት።

በ2010 ቃጣር አሸማጋይ ሆነች፤ ወታደሮቿንም መሃል ላይ አስፈረች። ሰባት ዓመት በዚያ አለፈ። በ2017 የባሕረ ሰላጤው አገሮች ከቃጣር ጋር ሲጣሉ ጅቡቲ ወደ ሳዑዲ ወገን አዘነበለችና ከቃጣር ጋር የነበራትን ግንኙነት ዝቅ አደረገች። ቃጣርም በዚያው ሰሞን ወታደሮቿን ጠቅልላ ወጣች። ጅቡቲ ወዲያው ኤርትራ ቦታውን መልሳ ያዘች ብላ ጮኸች። የሌላ ሰው ጠብ እንዲህ ወደ እናንተ ድንበር ይመጣል።

በ2018 ሰላም ሲወርድ ጅቡቲ ለምን ተከፋች?

እኛ ከኤርትራ ጋር ታረቅን ብለን ስንደሰት ጅቡቲ ውስጥ ስጋት ነበር። የሶማሊያው ፕሬዚዳንት አስመራ ሄደው በኤርትራ ላይ ያለው ማዕቀብ ይነሣ ሲሉ ጅቡቲ ደነገጠች፤ ቅሬታዋንም በሞቃዲሾ ኤምባሲዋ በኩል በአደባባይ ተናገረች። ሦስቱ ጎረቤቶች በአንድ ጠረጴዛ ሲቀመጡ እሷ ወንበር አልነበራትም። ከኤርትራ ጋር በነበረው ውጊያ ከጠፉት ወታደሮቿ አንዳንዶቹ የት እንደደረሱ አልታወቀም። ድንበሯ አልተካለለም።

በሴፕቴምበር 2018 የኤርትራ፣ የኢትዮጵያና የሶማሊያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች አብረው ጅቡቲ ሄዱ። የጅቡቲና የኤርትራ ፕሬዚዳንቶች ጅዳ ላይ ተገናኙ። ማዕቀቡ በኖቬምበር ተነሣ። ግንኙነቱ ተሻሻለ። የድንበሩ ነገር ግን ያው ነው።

ያ ሁሉ የውጭ ጦር እዚያ ምን ይሠራል?

ፈረንሳይ ከመጀመሪያው አለች፤ ስምምነቱን በ2024 እንደገና አድሳለች። አሜሪካ ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ ካምፕ ሌሞኒየርን ያዘች። ጃፓን በ2011 ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የመጀመሪያዋን የባሕር ማዶ የጦር ሠፈር የከፈተችው እዚያ ነው። ጣሊያንም አለች። ቻይና በ2017 የመጀመሪያዋን የውጭ ወታደራዊ ሠፈር እዚያው ከፈተች። የአሜሪካና የቻይና ጦር በመኪና ጥቂት ደቂቃ በሚያስኬድ ርቀት ጎን ለጎን የሚኖሩበት ሌላ አገር አላውቅም። በ2018 አሜሪካ ከቻይና ሠፈር በኩል በአብራሪዎቼ ዓይን ላይ ሌዘር ተበራ ብላ ከሰሰች፤ ቻይና ካደች።

ምክንያታቸው የባሕር ወንበዴ፣ ሽብር፣ የንግድ መርከብ ጥበቃና እርስ በርስ መጠባበቅ ነው። የጅቡቲ ምክንያት ግን ሌላ ነው። ኪራዩ አለ፤ አሜሪካ ብቻ በ2014 በታደሰው ውል በዓመት 63 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ትከፍላለች። ከኪራዩ የሚበልጠው ግን ዋስትናው ነው። አምስት ኃያላን በግቢዋ ካሉ ማንም ጎረቤት ታንክ ይዞ አይመጣም። አንዱ ቢከዳት ሌላው አለ። አንዱ ሲጫናት ወደ ሌላው ዞር ትላለች።

ይህ ሉዓላዊነቷን አይሸጥም?

የተማሪዎች ጥያቄ ነው፣ ተገቢም ነው። የእኔ አስተያየት፦ ዋጋ አለው፣ ግን አማራጩ የከፋ ነበር። ዋጋው ምንድን ነው? ጠላታቸው ጠላትሽ ይሆናል። ሜይ 2014 አልሸባብ ከተማዋ መሃል የውጭ ዜጎች የሚያዘወትሩበት ሬስቶራንት ላይ በአጥፍቶ ጠፊ ጥቃት አድርሷል። ጅቡቲ ወታደሮቿን ከ2011 መጨረሻ ጀምሮ ሶማሊያ ውስጥ አሰልፋለች፤ የውጭ ጦርም ታስተናግዳለች። ሁለቱም ምክንያት ሆነው ቀረቡ።

ብድሩም ሌላው ዋጋ ነው። አዲሱ የባቡር መስመርና ብዙ የወደብ ግንባታ በቻይና ብድር ነው የተሠራው። ያበደረና ጦር ያሰፈረ አንድ ሲሆን እምቢ ማለት ይከብዳል።

ግን ስትፈልግ እምቢ ማለቷን አይተናል። የዱባዩ ዲፒ ወርልድ በ2006 ውል የዶራሌን ኮንቴይነር ተርሚናል ያስተዳድር ነበር። በፌብሩዋሪ 2018 ጅቡቲ ውሉን አፍርሳ ወደቡን ተረከበች። ለሉዓላዊነቴ አስጊ ነው አለች። ክርክሩ ለንደን የግልግል ችሎት ደርሶ ዓመታት ፈጀ፤ አንዳንዱ ውሳኔ ለኩባንያው፣ አንዳንዱ ለጅቡቲ ወገን ወጣ። ኩባንያው ግን ቀድሞውኑ በ2016 የሶማሊላንድን የበርበራ ወደብ ይዞ ነበር። ከኤምሬትስ ጋር መቃቃሩ የጀመረው ከዚያም በፊት ነው፤ በ2015 የየመን ጦርነት ሲጀመር ኤምሬትስ ጦሯን በኤርትራው ወደብ ዓሰብ ላይ አሰፈረች።

የራሷ ጦርስ?

ትንሽ ነው። ድንበር ይጠብቃል፣ የባሕር ዳርቻ ይቃኛል፣ ሶማሊያ ሄዶ ይዋጋል። ከጎረቤቶቿ አንዱን ለብቻው የሚመክት አይደለም። እንዲመክትም ተብሎ አልተሠራም።

ከውስጥ የሚያሰጋት ነገር አለ?

አለ። እንደውም ከውጭው የሚብስ ይመስለኛል። ሥልጣኑ በብዛት በኢሳ ሶማሌ እጅ ነው የሚል የአፋሮች ቅሬታ የቆየ ነው። ፍሩድ የሚባለው የአፋር ድርጅት በ1991 መሣሪያ አንሥቶ እስከ 1994 የእርስ በርስ ጦርነት ነበር። በ1994 አንዱ ክንፍ ተስማማ፣ ሌላው በ2001። ጥቂቶች ግን ጫካ ቀሩ። በኦክቶበር 2022 ታጁራ ክልል ውስጥ ጋራብቲሳን ላይ ሰባት ወታደሮች ተገድለዋል። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ የጅቡቲ ድሮን በኢትዮጵያ ድንበር አካባቢ ድብደባ ፈጽሞ ሰላማዊ ሰዎችም ሞተዋል።

ባቲ ገበያ ሰኞ ሰኞ የሚሄድ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። አፋር በሦስት አገር የሚኖር አንድ ሕዝብ ነው። ጅቡቲ የሞተው ሰው ኤሊዳር ወይም አሳይታ ዘመድ አለው። በእኛ በኩል አፋርና ኢሳ በተጋጩ ቁጥር መኪናው ይቆማል፣ ጅቡቲ ከተማም ትታመማለች። በጁላይ 2021 እንዲህ ባለ ግጭት ሳቢያ መንገዱም ባቡሩም ተዘግቶ ነበር።

የሥልጣን ጉዳይም አለ። ከ1999 ጀምሮ አገሪቱን የሚመሩት ድሬዳዋ የተወለዱት እስማኤል ዑመር ጌሌ ናቸው። በ2010 የሥልጣን ዘመን ገደቡ ተነሣ። በ2025 የዕድሜ ገደቡም ተነሣ። ያ ሁሉ ዲፕሎማሲ በአንድ ሰው የግል ግንኙነት ላይ የቆመ ከሆነ ከእሳቸው በኋላ ምን ይሆናል? ይህን መጠየቅ ለጅቡቲ ክፉ ማሰብ አይደለም።

ጥገኛው ማነው፣ እኛ ወይስ እነሱ?

ሁለታችንም። እኛ ወደቡን እንፈልጋለን። የወደቡ ሥራም አብዛኛው የኢትዮጵያ ዕቃ ነው፤ እኛ ብንቀር ክሬኑ ይቆማል። ከ2011 ጀምሮ መብራት ከእኛ ይሄድላቸዋል። ውሃም ከ2017 ጀምሮ ከሶማሌ ክልል በቧንቧ ይደርሳቸዋል። አትክልቱ፣ ፍራፍሬው፣ ጫቱ በየቀኑ ከእኛ ይሻገራል።

ጅቡቲ ይህን ጥገኝነት ለመቀነስ ስትሠራ ቆይታለች። በ2023 ጉቤት ላይ 60 ሜጋ ዋት የነፋስ ኃይል አስመርቃለች። የባሕር ውሃ የሚያጣራ ፋብሪካም አላት። እኛም በርበራን፣ የኬንያውን ላሙን፣ ዓሰብን እንቃኛለን። ሁለት ጎረቤቶች በአንድ ግድግዳ እየኖሩ እያንዳንዳቸው ለብቻ በር ለመክፈት እንደሚለኩ ማለት ነው። ክፋት የለበትም። መነጋገር ከቀረ ግን ግድግዳው ይናጋል።

በ2014 ዓ.ም ጦርነት ሚሌ ለምን ያን ያህል ተፈለገች?

ይህን የሚጠይቁኝ ብዙውን ጊዜ ወጣቶች ናቸው። ትልልቆቹ መልሱን ያውቁታል። የሕወሓት ኃይሎች በጥቅምት 2014 ዓ.ም መጨረሻ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲይዙ ሁለት አቅጣጫ ነበራቸው። አንደኛው ወደ አዲስ አበባ፣ ሁለተኛው በባቲ ወደ ሚሌ። ሚሌ ከተያዘች ዋናው የጅቡቲ መንገድ ይቆረጣል። አገሪቱ በሙሉ ትታነቃለች። አፋሮች ከመከላከያው ጋር ሆነው በብርቱ ተዋግተው ሚሌ ሳትያዝ ቀረች። ደሴና ኮምቦልቻ በኅዳር መጨረሻ ተመለሱ።

እኛ በዚያ ወር ቤታችን ተዘርፎ፣ ሰው ሞቶብን፣ ተሰደን ስለነበር ስለ ጅቡቲ የምናስብበት ጊዜ አልነበረም። ግን ጅቡቲም ያን ወር በጭንቀት ነው ያለፈችው። የኢትዮጵያ መንግሥት ቢናጋ ገቢዋ ይቆማል፣ ስደተኛውም ወደሷ ይጎርፋል። በሺህ የሚቆጠር የውጭ ወታደር ያስፈረች አገር የራሷን ጎረቤት ጦርነት ማቆም አትችልም። የሠፈሮቹ አቅም የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው።

የባሕር በር ንግግሩ ጅቡቲን ለምን አስደነገጠ?

በጥቅምት 2016 ዓ.ም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቀይ ባሕር ለኢትዮጵያ የህልውና ጉዳይ ነው ሲሉ ጅቡቲ፣ ኤርትራና ሶማሊያ ሉዓላዊነታችን ለድርድር አይቀርብም የሚል ምላሽ ሰጡ። ኢትዮጵያ በኃይል አንሄድም ብላለች። ቢሆንም ከላይ ያነሣሁትን የ1966ቱን ነገር ለሚያስታውስ ሰው ቃሉ ቀላል አይደለም።

በጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ከሶማሊላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነዱ ተፈረመ። ጅቡቲን በሁለት በኩል ነካት። አንደኛ፣ ደንበኛዋ ወደ ሌላ ወደብ ሊሄድ ነው። ሁለተኛ፣ ሶማሊያና ኢትዮጵያ ቢዋጉ መሃል ላይ እሷ ናት። በዚያው ዓመት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ማሕሙድ ዓሊ ዩሱፍ የታጁራን ወደብ ኢትዮጵያ ታስተዳድር የሚል ሐሳብ አቀረቡ። እኝህ ሰው በፌብሩዋሪ 2025 የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ሊቀመንበር ሆነው ተመረጡ። አንድ ሚሊዮን ሕዝብ ያላት አገር የኬንያን ራይላ ኦዲንጋን አሸንፋ ወንበሩን ወሰደች። የምሥራቅ አፍሪካ መንግሥታት ድርጅት የሆነውን ኢጋድንም የምታስተናግደው እሷ ናት። ትንሽ አገር ጉባኤ የሚወደው ለዚህ ነው፤ እዚያ ሁሉም እኩል አንድ ድምፅ አለው።

ኢትዮጵያ የባሕር በር ጥያቄ ማንሣቷን ተገቢ ነው እላለሁ። የሚያሳስበኝ አነጋገሩ ነው። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ «ጅቡቲን በአንድ ሳምንት» የሚል ወሬ የሚጽፍ ልጅ ጋላፊ ላይ የሚያድረውን የባቲ ሹፌር አያስብም። እባካችሁ፣ ያንን አታጋሩ።

የየመን ጦርነትና የሁቲዎች ጥቃትስ?

ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ የየመን ታጣቂዎች የሆኑት ሁቲዎች መርከቦች ላይ ጥቃት ሲያደርሱ ብዙ መርከብ በደቡብ አፍሪካ ዞሮ መሄድ ጀመረ። የማጓጓዣና የመድን ዋጋ ወጣ። ጅቡቲ በአሜሪካ የሚመራው የባሕር ጥምረት ውስጥ አልገባችም። ከባሕሩ ወዲያ ማዶ ያለውን ታጣቂ በግልጽ ጠላት ማድረግ አልፈለገችም። አሜሪካኖቹ ግን ከግቢዋ አልወጡም። እንዲህ ነው የምትራመደው።

ዓሰብ ቢከፈት ለወሎ አይሻልም?

ትልልቆቻችን ይህን የሚጠይቁት ከትዝታ ነው። እስከ 1998 ድረስ የኢትዮጵያ ዋና ወደብ ዓሰብ ነበር። የደሴ–ዓሰብ መንገድ ኮምቦልቻን ያሳደገ መንገድ ነው። ጦርነቱ ሲፈነዳ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ጅቡቲ ዞረ። በስምምነት ቢከፈት ለወሎ ጥቅም እንደሆነ አልክድም። በጦርነት ይከፈታል የሚለውን ግን አልቀበልም። የዚያ መንገድ ግንባር የሚሆነው የአፋሩ ቡሬ ነው፤ ቁስለኛው የሚመጣው ደሴ ሆስፒታል ነው።

ልጄ በኦቦክ ልሂድ ይለኛል። ጅቡቲ ውስጥ ምን ይገጥመዋል?

እናቴ፣ ይህን ጥያቄ ከሁሉም በላይ አክብጄ ነው የምመልሰው። ከወሎ የሚወጡ ልጆች በጋላፊ አካባቢ በእግር ይሻገራሉ፤ በዓሳል ሐይቅ በረሃ አልፈው በታጁራ በኩል የጅቡቲ የባሕር ዳርቻ ከተማ ኦቦክ ይደርሳሉ። ዓሳል ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ነው። ሙቀቱ ይገድላል፣ ውሃ የለም። ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን ነው። በኤፕሪል 2024 እዚያው ዳርቻ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጀልባዎች ሰጥመው ከ50 በላይ ሰው አልቋል። በኦክቶበር ደግሞ ከ40 በላይ። አብዛኞቹ ሟቾች ኢትዮጵያውያን ናቸው።

ጅቡቲ ስደተኛውን የምታየው እንደ ደኅንነት ጉዳይም ነው። ከየመን የሚሸሸውን ተቀብላ አስጠልላለች። በራሷ አቅም ግን የሚያልፈውን ሁሉ ልታበላና ልታጠጣ አትችልም፤ አፈሳም ወደ ድንበር መመለስም አለ። ደላላው «ጅቡቲ ከደረስክ አበቃ» ይላል። አላበቃም። ልጅሽን የምትችይውን ያህል አቆዪው። ከወጣም ስልክ የሚያነሣለት ሰው ይኑረው።

ታጁራ ለወሎ ይቀርባል ይባላል። መጋዘን ልሥራ?

ይቀርባል። ታጁራ በ2017 ተመርቋል፣ ከኢትዮጵያ ድንበር ባልሆ ድረስም መንገድ ተሠርቶለታል። ለሰሜን ኢትዮጵያ ተብሎ የታሰበ ወደብ ነው። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ባቡርም ወደፊት ወደዚያ ይቀጥላል የሚል ዕቅድ ነበር፤ ሐዲዱ ኮምቦልቻ ደርሶ ለዓመታት ያለ ሥራ ቆሟል። ከላይ ያነሣኋቸው የጋራብቲሳንና የድሮኑ ጉዳዮችም በዚያው አካባቢ የሆኑ ናቸው። ስለዚህ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ሁለቱ መንግሥታት የታጁራን አስተዳደር ውል ፈርመዋል ወይ? በባልሆ መንገድ ዕቃ የጫነ ተሳቢ በመደበኛነት ይመላለሳል ወይ? ለዚያ መስመር መድን ሰጪው ስንት ይጠይቃል? የሦስቱን መልስ በወረቀት ካገኛችሁ ሥሩ። ካላገኛችሁ ለጊዜው የዶራሌውን ሥራ ይዛችሁ ቆዩ።